በሽሎ የሚፈልቅበት ደጋ

የበሽሎ ወንዝ የሚነሣው ከኩታበር በስተምዕራብ ነው። መነሻው ላይ የቆመ ሰው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ያው ውኃ ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ፣ የዥጣንና የጨጨሆን ውኃ ሰብስቦ ዓባይ ሲደርስ፣ ሸለቆው ከራሱ ከዓባይ ሸለቆ ጋር የሚወዳደር ሆኖ ነው። እኛ የምንኖርበት ደጋ ውኃ የሚለያይበት ጀርባ ነው። በስተምሥራቅ የዘነበው ወደ አዋሽ ወርዶ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በስተምዕራብ የዘነበው በበሽሎና በዓባይ አድርጎ ሜድትራንያን ባሕር ይገባል።

ኩታበር ተወልጄ፣ መካነ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን አገር፣ ተንታን፣ ለጋምቦን፣ ሳይንትንና ቦረናን፣ በመኪናም በእግርም አይቼዋለሁ፤ የማውቀው ግን በእግሬ ያየሁትን ነው። ስለዚህ ደጋ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ መንገዱና ስለ እግረኛው ነው። በዚህ አገር አምባን ምሽግ ያደረገው ገደሉና ክረምቱ አንድ ላይ ሆነው ነው። ታሪካችንን አንድ በአንድ ሳገላብጠው የማገኘው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ክረምት መንገድ የሚዘጋው መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው።

አባቴ ከኩታበር እስከ ደላንታና ተንታ በበቅሎና በአህያ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ጨው፣ ገብስና ባቄላ ይጭናሉ፤ ሲመለሱ የተገኘውን ይዘው ይመጣሉ። «ውኃ በጠዋት፣ ዳገት በጥላ» ይሉ ነበር። የደጋውን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ረፋድ ላይ ጉሙ ከሸለቆው መነሣት ይጀምራል። ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይከተላል። ከላይ የዘነበው ውኃ ታች ቆላው የሚደርሰው ሲመሻሽ ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠርቶ እያዩት ወንዙ ደራሽ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ወንዝ የሚሻገሩት በጠዋት፣ ውኃው ሌሊቱን ጎድሎ ሲያድር ነው።

አብሬያቸው የሄድኩ ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ወዲያው አይገቡም። ውኃው አፋፉን የሚልሰው አንድ ድንጋይ ይመርጡና ቁጭ ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ድንጋዩ እየተሸፈነ ከሄደ ወንዙ እየሞላ ነው፤ የዚያን ቀን እዚያው ይታደራል። እየተጋለጠ ከመጣ ውኃው እየጎደለ ነው። ጭራሮና አረፋ ይዞ ከመጣ ደግሞ ራስጌው ላይ አሁን እየዘነበ ነውና ከብቱን ወደ ከፍታው ያርቃሉ። መሻገር ሲወሰን ጭነቱ ከአህያዋ ይወርድና በሰው ራስ ይሄዳል፤ እሷ ባዶዋን ትገባለች። ሰዎቹ ክንድ ለክንድ ይቆላለፋሉ። ጉልበታሙ ውኃው በሚመጣበት በኩል ይቆማል፤ ልጅና አቅመ ደካማ መሐል ይገባል። ዱላ የሚተከለው ውኃው በሚመጣበት አቅጣጫ ነው፤ እግርም ከመሬቱ ሳይላቀቅ እየተሳበ ይሄዳል እንጂ ተነሥቶ አይረገጥም። ማዶ ሲደርሱ አባቴ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ሰውን ነው፤ ቀጥሎ ከብቱን፤ ጭነቱን የሚያዩት በመጨረሻ ነው።

ስንቁ በአቅማዳ የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ልብሱ ከላይ በርኖስ፣ ለሌሊቱ የበግ ጠጉር ባና፣ ለዝናቡ ገሳ። ሲመሽ የደረሱበት ደጃፍ ቆመው «የመሸብን እንግዶች ነን» ይላሉ፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይላል። ይህ ሁሉ የትም ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ሕግ መሆኑን ያወቅነው ግን መንገደኛው በመኪና መሄድ ሲጀምርና ደጃፋችን ላይ የሚቆም ሰው ሲጠፋ ነው።

ይህ የእግር ዕውቀት ነው የአገሩን ታሪክ የሠራው። ከኩታበር በስተሰሜን ምዕራብ፣ አምባሰል ውስጥ ያለውን ግሸን አምባ እንመልከት። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ የነጋሢ ዘር ወንዶች ልጆች በዚህ አምባ ላይ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም ከመንገሣቸው በፊት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። ንጉሥ ሲሞት አልጋውን የሚወርሰው ከአምባው እንዲወርድ ይደረጋል፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። አምባው ጥቂት መውጫ ብቻ ስላለው ጥቂት ጠባቂ ይበቃዋል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ዙሪያውን ያሉት ወንዞች የጠባቂውን ሥራ ይጋሩታል።

የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 በዚህ በኩል አልፏል። የአገሩ ሰው በክረምት ወራት መንገድ እንደማይወጣ እየተነገራቸው ነበር ጉዟቸውን የገፉት። ወደ አምባው ሲጠጉ ጠባቂዎቹ ጮኸው ድንጋይ እንዳወረዱባቸው እሱው በመጽሐፉ ጽፏል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ኢማም አሕመድ ያዘመቱት ጦር ግሸንን የያዘውም በዚያው ዓመት ነው፤ አምባው ላይ የነበረው ሰው አለቀ፤ የነጋሢዎች መጠበቂያ መሆኑም በዚያው አበቃ። ወሬው ግን በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ቆየ። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ግጥሙ «አማራ ተራራ» ብሎ ከገነት ጋር አነጻጸረው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ባወጣው «ራሴላስ» ደግሞ በተራሮች ከተከበበ ሸለቆ መውጫ መንገድ የሚፈልግ ልዑል ታሪክ አደረገው። ሁለቱም አገራችንን አላዩም። ጆንሰን ግን የአምባ ኑሮ ዋና ጥያቄ የመውጫ መንገድ ጥያቄ መሆኑን ሳያይ አግኝቶታል።

ግሸን በሌላ መንገድ ሕያው ሆኖ ቀጠለ። በቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን በመስቀል ቅርጽ በተሠራ ቦታ እንዲያኖሩ በሕልም ታዘው፣ ቦታውን ሲፈልጉ ከርመው ያገኙት የልጅነት አምባቸውን ነው። መስቀሉ ያረፈበት በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይነገራል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመኑ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይወጣል። ቀኑን ልብ በሉ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጭቃው ግን አልደረቀም፤ ወንዙ መጉደል ጀምሯል፤ አደይ አበባ ሜዳውን ሸፍኖታል። ከዝናቡ በኋላ መንገዱን መጀመሪያ የሚከፍተው የግሸን ተጓዥ ነው።

ከደሴ የሚነሣው ተጓዥ የሚያልፈው በእኛ በኩታበር ነው። እኛ ሙስሊሞች ነን። የእናቴ ቤት ከመንገዱ ዳር ስለነበር የመስከረም ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ሲደርስ በራችን ሳይዘጋ ይውላል። ውኃ በእንስራ ይቀዳል፤ ገብስ ይቆላል፤ ቡናው ከምድጃ አይወርድም። ነጠላ የለበሰች፣ ከጎጃም በእግሯ የመጣች አሮጊት ስትደርስ እናቴ «እማማ፣ ግቡ፣ እግርዎን ይታጠቡ፣ ቡናው ደርሷል» ብለው ራሳቸው ውኃ ያፈሱላቸዋል። አሮጊቷ መርቀው ይነሣሉ፤ እናቴ «አሚን» ይላሉ። አባቴ ደግሞ በተራቸው ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ሲሄዱ ከብቶቻችንን የሚጠብቁልን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማሳመር አይደለም። ደሴንና ኩታበርን የሚያገናኘው መንገድ ላይ ያለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እምነትህን ለውጥ ተብሎ ተገዷል፤ በሼህ ጠልሃ ጃዕፈር መሪነት የተነሣም አለ፤ ብዙ ሰውም ተሰዷል። በዚያ ሁሉ መካከል ይህ ሕዝብ መንገደኛን ማሳደር አለመተዉ ነው ትልቁ ነገር።

የክረምቱንና የመንገዱን ነገር ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው መቅደላ ነው። መቅደላ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሱ የሚበልጡ ተራሮች በዙሪያው ሞልተዋል። ብርታቱ ከበሽሎ ገደል አናት ላይ መቆሙ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሀብታቸውንም እስረኞቻቸውንም ያኖሩት እዚያ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ ነበሩ። ምኒልክ ከመቅደላ ያመለጡት በሰኔ 1857 ዓ.ም ማብቂያ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። በአካባቢው ላይ ሥልጣን የነበራቸው ወይዘሮ ወርቂት ተቀብለው ወደ ሸዋ እንዲያልፉ አደረጓቸው። ቴዎድሮስ በቁጣ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገደሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርቂት ግዛት የወረሂመኖ መንገድ ለቴዎድሮስ የጠላት መንገድ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ሲመጡ ወርቂትና መስተዋት፣ ሁለቱ የወሎ ገዢ ሴቶች፣ ከእንግሊዞቹ ጎን ቆሙ።

ቴዎድሮስም ቢሆኑ ክረምቱን ቆጥረው ነው የተነሡት። በ1860 ዓ.ም መግቢያ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ይዘውት የሚሄዱት ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ነበር። ለዚህ መድፍ ማለፊያ መንገድ አልነበረም፤ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ድንጋዩን ፈንቅለው፣ አፋፉን ቆርጠው፣ በዥጣ ገደል ወርደው ወጥተው፣ የደላንታን ሜዳ አቋርጠው፣ በበሽሎ ገደል እንደገና ወርደው ወጡ። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፤ መቅደላ ግርጌ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሊወጋቸው የመጣው የጄኔራል ናፒየር ሠራዊትም እነሱ በሠሩት መንገድ ላይ ሄደ፤ አብረው የመጡት የእንግሊዝ መኮንኖችና ጸሐፊዎች ሥራውን አድንቀዋል። መቅደላ የወጣ ሰው ሴባስቶፖልን ዛሬም እዚያው ያየዋል። እጄን አስቀምጬበታለሁ፤ ነሐሱ በጠዋት ብርድ ይጋረፋል፤ አፉ ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት ይመስላል። እሱን አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን ነገር በየትኛው ዳገት አወጡት?

ናፒየር ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ወደብ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ከቴዎድሮስ ሠራዊት ያልተናነሰ የሚያስፈራው መጪው ክረምት ነበር። ዓርብ ስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ሠራዊቱ መቅደላን ዘርፎ አቃጥሎ በሳምንት ውስጥ ወረደ። የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት የተጫኑት 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ነበሩ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ደርሰው ተጫረቱት። ያ ሁሉ ጥድፊያ በሽሎና ተከዜ ሳይሞሉ ለመሻገር ነው። በግንቦት ወር፣ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ደራሽ ጎርፍ ደርሶባቸው ሰውና ከብት ወስዶባቸዋል። በመድፍና በሮኬት ተራራ የያዘ ጦር ከዝናብ ፊት ሮጦ ወጣ።

ይህን ከልጅ ኢያሱ ጋር አነጻጽሩት። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም መግቢያ ሰገሌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ልጅ ኢያሱ መቅደላ ገቡ፤ የሸዋ ጦር ከበባቸው። ከበባው ወራት ፈጀ። ሐምሌ መጣ፤ ጉም አምባውን ሸፈነ፤ ወንዙ ሞላ። በዚያው ሐምሌ ልጅ ኢያሱ ከበባውን ሰብረው ወጡና የወሎን ገበሬ አስነሡ። ምኒልክ በሰኔ፣ ኢያሱ በሐምሌ፤ ሁለቱም ሰው መንገድ አይወጣም በሚባልበት ወራት ከአንድ አምባ ወጥተዋል። ይዟቸው የወጣው የአገሬው ሰው ዕውቀት ነው። ስሙ በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ የትኛው ድንጋይ በዝናብ እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው መሻገሪያ ሌሊት እንደሚጎድል የሚያውቅ ሰው ግን ነበረ።

ወደ ምዕራብ እንዝለቅ። አምባ ፈሪት ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ከሱ ወዲያ ሳይንት፣ ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ያለችበት አገር፣ ከዚያም ቦረናና ከተማው መካነ ሰላም። ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካ አለ፤ በ2001 ዓ.ም በክልል ደረጃ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው። ቆላማው ጫፍ 1,900 ሜትር፣ ራሱ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቼን የአየር ጠባይ ትምህርት በመጽሐፍ ካስተማርኳቸው ይልቅ እዚያ ወስጄ ያስተማርኳቸው አይረሱትም። ከታች ወይራና ጽድ ናቸው። ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፤ አያቶቻችን ኮሶ ለመሻር አበባውን የሚጠጡት ዛፍ። ከኮሶው በላይ አስታ ነው፤ ግንዱ ጠማማ፣ በሽበት የተሸፈነ የሚመስል። ከአስታው በላይ ዛፍ ያበቃል፤ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ይቀራል።

ጅብራን ቀርቦ ያላየ ሰው ደጋን አየሁ አይበል። ለብዙ ዓመት ሳያብብ ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይኖራል። ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይከፍታቸዋል። ቀኑ ሲደርስ ከመሐሉ አበባውን ያወጣል፤ ቁመቱ ከሰው በብዙ ይበልጣል። አንዴ ብቻ አብቦ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ግንዱ እንደደረቀ ቆሞ ይከርማል፤ በጉም ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው ከሩቅ የቆመ ሰው መስሎት ይጣራል። በነሐሴ እዚያ የሄደ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት የአይጥ ጉድጓድ ወንፊት አድርጎት ያገኛል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእነዚያ አይጦች ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የለም፤ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም ይባላል፤ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ይኸው የእኛ ደጋ ነው። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነቅል ውሎ ማታ ገደሉ ላይ ያድራል። ሰስ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብርም አሉ።

ይህ ደጋ ሰው ያልደረሰበት ምድረ በዳ አይደለም። ጓሳው የቤት ክዳንና ገመድ ነው፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ የከብት መኖ ነው። ሳይጠፋ የቆየው ሰው ስላልነካው ሳይሆን መቼ እንደሚነካ ሕግ ስለነበረው ነው። ከእኛ በስተደቡብ ያሉት መንዞች ይህን ሕግ ለ400 ዓመታት ገደማ በቀሮ ሥርዓት ጠብቀው ኖረዋል። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ በበጋው ይከፈትና ይታጨዳል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ከብቱም ሰውም ለቆ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ መልሶ አቋቋመውና ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ እንግዳ ይቀበላል። ክረምቱን የዕረፍት ጊዜ አድርጎ መሬቱን ማሳረፍ የአባቶች ጥበብ ነው፤ አዲስ ተመራማሪ መጥቶ አላስተማረንም።

መንገዳችን የደስታ መንገድ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም የወሎ ደጋ ሰው ቤቱን ዘግቶ ልጁን አዝሎ በእነዚሁ መንገዶች ወደ ደሴ፣ ወደ ባቲና ወደ ኮረም ወርዷል። በልግ ጠፍቶ ክረምቱም ሲከዳ፣ በዝናብ ብዛት ሳይሆን በዝናብ እጦት የተጓዙት ጉዞ ነው። አባቴ ጭነት ይዘው የሚያልፉበትን አቀበት ሰው ባዶ እጁን ወርዶበታል፤ ያልተመለሰው ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ኩታበር ደርሶ እነዚህ ሸንተረሮች የውጊያ ግንባር ሆነዋል። በዚህ ደጋ ላይ ለመንሸራሸር የሚመጣ ሰው የሚረግጠው መሬት ይህን ሁሉ የተሸከመ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

አሁን አዲስ እግረኛ መጥቷል። የአዲስ አበባና የደሴ ወጣቶች በቡድን ሆነው ተራራ ይወጣሉ፤ ሃይኪንግ ይሉታል። በሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ፣ ገበሬው ራሱ የእንግዳ ጎጆ ሠርቶ ተጓዥ ማሳደር የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ገቢውም ለመንደሩ ይውላል። እኔ ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። መንገዱን የሚያውቀው ሰው በመንገዱ እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነውና። በሽሎን ከመነሻው ተከትሎ እስከ መቅደላ፣ ከመቅደላ በለጋምቦ አድርጎ አምባ ፈሪት፣ ከዚያ ደንቆሮ ጫካ የሚያደርስ የእግር መንገድ በኢትዮጵያ ታሪክና ተፈጥሮ አንድ ላይ ከሚነበብባቸው መንገዶች ግንባር ቀደሙ ይሆናል። መንገዱ አዲስ አይሠራም፤ አለ። የተረሳው ወሬው ነው።

መኪና መንገድ ሲገባ የእግር መንገዱ በአምስት በስድስት ዓመት ሣር ይውጠዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መሻገሪያው በጎርፍ ይቀየራል፤ የማደሪያው መንደር ተጓዥ መቀበል ይተዋል፤ ድንጋዩን አይቶ ውኃውን የሚለካው ሰው ያረጃል። በአስፋልቱ ቅሬታ የለኝም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትሄድ ያየ ሰው አስፋልትን አይጠላም። ግን የእግር መንገዱን ዕውቀት መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የኩታበር፣ የተንታ፣ የለጋምቦ፣ የሳይንትና የቦረና መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ደብተርና እርሳስ አስይዛችሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ላኩ። የድሮውን የመሻገሪያ ስም፣ የማደሪያውን መንደር፣ የምንጩን ቦታ፣ የወንዙን ጠባይ በየወሩ ይጻፉ። የየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የተጻፈውን ሰብስቦ ካርታ ያድርገው፤ መሪ ሆኖ የሚሠራውን ወጣት ከዚያው መንደር ይምረጥ። አንተ ተራራ ለመውጣት የምታስብ ወጣት ደግሞ፣ አገሩ ሰላም ሲሆን፣ መጀመሪያ በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት ና። በሐምሌ መምጣት ካሰብክ ያለ አገሬው መሪ አትነሣ፤ ወንዝ በጠዋት ተሻገር፤ ከቀትር በፊት ማደሪያህ ግባ፤ ጅብራውን አትንቀል፤ ቀይ ቀበሮውን ሊያሳድድ የሚችል ውሻ ይዘህ አትምጣ፤ ያሳደረህን ሰው ስሙን ጠይቀህ ጻፍ። ምኒልክንና ኢያሱን ከመቅደላ ያወጡት መንገድ መሪዎች ስማቸው ሳይጻፍ ቀርቷል። የልጅ ልጆቻቸው ስም ግን ዛሬ ሊጻፍ ይችላል።